የ1966ቱን አብዮት በፖለቲካ ፍልስፍና መመርመር ለሚፈልግ፦ ከደሴ የቀረበ መመሪያ

ደሴ ውስጥ ከወጣቶች ጋር ታሪክ የማነብበት አንድ አነስተኛ የንባብ ክበብ አለ። በየዓመቱ የካቲት ሲገባ የ1966ቱ አብዮት ለምን እንደ ፈነዳ እጠይቃቸዋለሁ፤ መልሱም ሁልጊዜ «በወሎ ረሃብ ምክንያት» የሚል ነው። አያቶቻቸው ያዩትን መከራ እየሰሙ ያደጉ ልጆች በመሆናቸው መልሱ ከአንጀታቸው የሚወጣ ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ይሁን እንጂ በ1950ዎቹ መባቻ በትግራይ፣ በ1958 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ እዚሁ ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ሲያልቅ ዙፋኑ ለምን አልተነቃነቀም ብዬ ስቀጥል ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሦስተኛው ጥያቄ ከዚህም ይከብዳል፦ በየካቲት 1966 አዲስ አበባ ላይ የተነሡት መምህራን፣ የታክሲ ነጂዎችና ወታደሮች እንጂ የወሎ ረሃብተኞች አልነበሩም፤ ታዲያ የራበው ሌላ፣ ያመፀው ሌላ የሆነው ስለ ምንድን ነው?

የፖለቲካ ፍልስፍና የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ታሪክ የሆነውን ይነግረናል፤ የምጣኔ ሀብት ጥናት የጎደለውን ይቆጥርልናል። ሰዎች ግን ስለ ጎደለባቸው ብቻ አይነሡም፤ የሚነሡት «የሚገባን ተነፍጎናል፤ የነፈገንም ሊገዛን አይገባውም» ማለት ሲጀምሩ ነው። አማርኛችን «ይገባኛል» በሚለው አንድ ቃል መረዳትንም መብት መጠየቅንም ይገልጻል፤ እኔም የፖለቲካ ፍልስፍናን ለጀማሪ ሳስተዋውቅ ከዚህ ቃል የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም። አንድን ሕዝባዊ አብዮት ለመረዳት የሚሻ ሰው ማን ምን ይገባኛል አለ፣ ያንን ማን ከለከለው፣ ከልካዩስ በምን ሥልጣን ከለከለ ብሎ ይጠይቅ። ከዚህ በታች የማቀርበው አካሄድ ይህን ጥያቄ ደረጃ በደረጃ የሚያጠብቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የምትመረምሩት ነገር በእርግጥ አብዮት መሆኑን አረጋግጡ። «አብዮት» የሚለው ቃል «እምቢ አለ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ፣ ከ«አበየ» የወጣ ነው፤ ነገር ግን እምቢታ ሁሉ አብዮት አይደለም። በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ አዛዦች ዙፋኑን ለመገልበጥ ሲሞክሩ ሕዝቡ በአብዛኛው ከዳር ሆኖ ተመለከተ፤ ስለዚህ ያንን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ እንለዋለን። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲነሡ ሕዝብ ነበረበት፤ የጠየቁት ግን ግብሩ እንዲቀርላቸው እንጂ የአገዛዙ መሠረት እንዲለወጥ አልነበረም፤ ይህ ዓመፅ ነው። አብዮት የሚባለው ብዙኃኑ ተነሥቶ፣ ጥያቄው «ይህን መልሱልን» ከሚለው አልፎ «ማን፣ በምን መብት ይገዛል?» ወደሚለው ሲሻገር ነው። በየካቲት 1966 የጀመረው ንቅናቄ ከመጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ ወደ ሁለተኛው በጥቂት ወራት ውስጥ ስለ ተሻገረ፣ ይህን ሽግግር በቀን በቀን መከታተል ይቻላል፤ ለጀማሪም የተመቸ ምሳሌ የሚሆነው በዚህ ነው።

ቀጥሎ አንድ ወረቀት አምጡና መሐሉን በመስመር ክፈሉት፤ በግራ «ሰበብ»፣ በቀኝ «ምክንያት» ብላችሁ ጻፉ። ይህን ልዩነት ያስተማረን አርስቶትል ነው፤ የከተማ መንግሥታት ስለሚታወኩበት ሁኔታ ሲጽፍ፣ ሁከት የሚነሣው ከጥቃቅን ነገር ቢሆንም የሚነሣው ስለ ጥቃቅን ነገር አይደለም ይላል። በግራው ረድፍ መጀመሪያ ላይ የምትጽፉት የነገሌ ቦረናው ነው። ጥር 4 ቀን 1966 በዚያ የሰፈሩ ወታደሮች በምግባቸው መበላሸትና በውኃ እጦት ተማርረው አዛዦቻቸውን አሠሩ፤ የእነርሱ ጉድጓድ ከጥቅም ውጭ ሲሆን መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከልክለዋቸው ነበር። ሊያነጋግሯቸው ከአዲስ አበባ የተላኩትንም ጄኔራል ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ወደ ቀኙ ረድፍ ስትሻገሩ «የውኃ እጥረት» ብላችሁ አትጻፉ፤ የውኃ እጥረት በበረሃ ጦር ሰፈር ያለ ነው። ምክንያቱ ሌላኛው ጉድጓድ ውኃ እያለው መከልከሉ ነው። አርስቶትል እንደሚለው፣ ራሱን ከሌላው ጋር እኩል አድርጎ የሚቆጥር ሰው ያነሰ ድርሻ ሲደርሰው ለሁከት ይነሣል፤ ጄኔራሉን ከወታደር ምግብ ማብላት ደግሞ ያንኑ የእኩልነት ክርክር በተግባር መናገር ነበር። ክበባችን ውስጥ ይህን ስናነብ አንዲት ተማሪ፣ ወታደሮቹ መጽሐፍ ሳያነቡ ፍልስፍና ሠርተዋል አለች፤ እኔም ከዚያ ወዲህ አባባሏን ሳልጠቅስ ይህን ክፍል አስተምሬ አላውቅም።

በዚሁ መንገድ የካቲት 11 ቀንን ውሰዱ። ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት በዓለም ገበያ ዘይት በመወደዱ የቤንዚን ዋጋ ስለ ተጨመረ ነው፤ መምህራን ያደሙት በደመወዝና «ሴክተር ሪቪው» በተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ምክንያት ነው። ሁለቱም ከግራው ረድፍ ይገባሉ። ከቀኙ ረድፍ የሚገባው፣ የሕዝቡን ኑሮ የሚነካ ውሳኔ ሕዝቡ ሳይጠየቅ ከላይ መውረዱ፣ ወላጆችም ማሻሻያው የድሀውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት ያስቀራል ብለው ማመናቸው ነው። መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ዝቅ ሲያደርግ፣ ዕቅዱንም ሲያቆየው ሰበቡ ተወገደ፤ ምክንያቱ ስላልተነካ ግን ነገሩ አልበረደም፤ ወሩ ሳያልቅም የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ። እነዚህን ቀናት ስታነቡ ከፈረንሳዊው የፖለቲካ ሊቅ ከአሌክሲስ ደ ቶክቪል አንድ ሐሳብ ልትዋሱ ትችላላችሁ፤ ለመጥፎ መንግሥት እጅግ አደገኛው ሰዓት ራሱን ማሻሻል የሚጀምርበት ነው ይላል። ምክር ቤት ከፍቶ፣ ዩኒቨርሲቲ አቋቁሞ፣ የጭሰኛውን ሕግ ግን በየጊዜው እያቀረበ ሳያጸድቅ ለኖረ መንግሥት ይህ ምርመራ በደንብ ይስማማዋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ሥልጣን ምንጭ ተሻገሩ። ገዢው ይገባኛል የሚለው ከየት አመጣሁት ብሎ ነው? ለዚህ ከፈላስፎች በፊት የራሳችንን ተረትና ምሳሌ መክፈት ይበጃል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል በአራት ቃል የተጻፈ የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ንጉሡን ከሰማይ ጋር ማነጻጸሩ፣ ሥልጣኑ እንደ ተፈጥሮ ያለ እንጂ ሰው ሰጥቶት ሰው የሚነሣው እንዳልሆነ መናገሩ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ በሕግ ቋንቋ ደነገገው፦ ንጉሠ ነገሥቱ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ የዘር ሐረግ የሚወርዱና የተቀቡ በመሆናቸው አካላቸው የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይነቀፍ ነው ይላል። ነገር ግን በዚያው ባህል ውስጥ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ጉልበተኛው የሚቆምበት ልማድም ነበረ፤ «ደሃ ተበደለ፣ ፍርድ ጎደለ» እያሉ መጮኽም ነበረ። ንጉሥ አይከሰስም የተባለው ፍርድ ስለሚሰጥና ስለሚያበላ ነው። እዚሁ ከተማችን፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ ስም ልብ በሉ፦ ድሀ ሀብታም ሳይል የሚያበላ፣ ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው። ጌታ ግብር ያበላል፣ ሕዝብ ይታዘዛል፤ ያልተጻፈው ውል ይህ ነበር። ፈላስፋው ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ መንግሥት በአደራ የተሰጠ ሥልጣን ነው፣ አደራውን የበላ ገዢ ራሱ ሕዝቡን ከመታዘዝ ነጻ ያወጣዋል ሲል የጻፈውን ለማስረዳት ከ«አደራ» የተሻለ ቃል ያለው ቋንቋ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ረሃቡ እንመለስ፤ ምርመራው ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚጠይቀው እዚህ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናብ ሲጠፋ ሰዉ ከየራያው፣ ከየየጁውና ከየላስታው እየፈለሰ ወደ ዋናው የአዲስ አበባ መንገድ ወጣ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም አለቀ። አብዛኞቻችን ረሃብ ማለት እህል መጥፋት ይመስለናል። የፍልስፍናና የምጣኔ ሀብት ሊቅ የሆነው አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ግን የደሴን ገበያ ዋጋ ጭምር መርምሮ፣ በረሃቡ ወቅት እዚህ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው ብዙ እንዳልጨመረ፣ ይባስ ብሎም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል እንደ ነበር አሳየ። ገበሬው ማሳው ሲከዳው የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጥቷል፤ ስለዚህ ገበያው ውስጥ ላለው እህል ይገባኛል የሚልበት ገንዘብ አልነበረውም። በአዋሽ ዳርቻ ደግሞ የአፋር ከብት አርቢዎች የበጋ ግጦሻቸው ለጥጥ እርሻ ተወስዶባቸው ነበር።

ይህን ለወጣቶቹ በቃል ሳስረዳ አልገባ ስላላቸው፣ ሁለቱን ይዤ ሲነግዱ ዕድሜያቸውን ወደ ጨረሱ አንድ የእህል ነጋዴ ሱቅ ሄድኩ። ከመካከላቸው አንዱ «ሐጂ፣ ያን ጊዜ ገበያው ላይ እህል ጠፍቶ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ሐጂ ወዲያው አልመለሱም። ጣሳቸውን ከማሽላው ከረጢት ውስጥ ነክረው ሞሉ፤ ጫፉን በመዳፋቸው ደልድለው ከፊቱ አኖሩለትና «እህሉማ ይኸው፣ ነበረ ልጄ። ገዢው ነው የጠፋው። በሬውን ሊሸጥ ሲያመጣ ባለ በሬ ሁሉ ሊሸጥ መጥቷል፤ በሬ በነጻ የሚሰጥ እስኪመስል ረከሰ። በሬው ካለቀ በኋላ በምን ይግዛ?» አሉት። ልጁ ጣሳውን ለረጅም ጊዜ ሲመለከተው ቆየ። በምትኖሩበት አካባቢ ያን ዘመን ያዩ አረጋውያን ካሉ ይህን ደረጃ በመጽሐፍ ብቻ አትለፉት፤ ስትጠይቁ ግን «ምን ያህል ተራባችሁ?» ከማለት ይልቅ «እህሉ የማን ነበር? ማንን ለመናችሁ? ማን ከለከላችሁ?» በሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንባ ያመጣል፤ ቀጣዮቹ ሥርዓቱን ያሳያሉ።

ረሃብ የፖለቲካ ጥያቄ የሚሆነው እንዲህ ነው። እህሉ ከኖረ፣ ሞቱ የሰማይ ቁጣ ብቻ አይደለም፤ በሰማይና በንጉሥ መካከል የነበረው ንጽጽርም ይፈርሳል። መንግሥት ረሃቡን መሸሸጉ ደግሞ ያን ያልተጻፈ ውል በራሱ እጅ እንደ መቅደድ ነበር። ይሁንና የተራበው ገበሬ ራሱ አልተነሣም፤ ጉልበቱም ድርጅቱም አልነበረውም፤ ብዙዎቹም ምጽዋት እየለመኑ ሞቱ። ይህን በሐፍረት የሚያነብ ሰው ካለ፣ ተሳስቷል፤ ፍልስፍናው ራሱ የሚያስረዳው ነገር አለና። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት የፈረንሳይን አብዮት ሲመለከት የሕዝብ ዓመፅን በመብትነት አልተቀበለም፤ ነገር ግን ከሩቅ ሆነው በሚያዩት ሰዎች ልብ ውስጥ የተነሣው ስሜት፣ ለራሳቸው አደጋ ቢኖረውም ያልሸሸጉት ወገናዊነት፣ ለሰው ልጅ የሥነ ምግባር ዝንባሌ ምስክር ነው አለ። በእኛም አገር ረሃቡን ወደ ክስ የለወጡት ተመልካቾች ናቸው፦ ወሎ ደርሰው የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ መንገድ ዳር የወደቀውን ሰው ያዩ ሾፌሮችና ተሳፋሪዎች፣ ወታደሮች። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕል ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። አይከሰስም የተባለው ንጉሥ የተከሰሰው ያን ምሽት ነው፤ በማግስቱ ከዙፋን መውረዳቸው ተነቦላቸው በቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ። ስለዚህ «የራበው ሌላ፣ ያመፀው ሌላ» ለሚለው ጥያቄ የማቀርበው መልስ፣ አብዮቱን ያስነሣው ረሃብ ሳይሆን በረሃቡ ላይ የተሰጠው ፍርድ ነው የሚል ነው።

ቀጣዩ ደረጃ «ሕዝብ» የሚለውን ቃል መመርመር ነው፤ ብዙ የታሪክ ጽሑፎች የሚስቱትም እዚህ ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ ሩሶ ሉዓላዊነት የሕዝቡ ነው፣ የሕዝቡ የጋራ ፈቃድም ከየግለሰቡ ፍላጎት ድምር ይለያል አለ፤ ያንን ፈቃድ ማን ይናገረዋል የሚለውን ጥያቄ ግን ለኋለኞቹ ተወው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው ክርስቲያን ወገኖቻቸውም ተቀላቅለዋቸው በገፍ ሲወጡ ሕዝቡ በራሱ አፍ ተናግሯል፤ ለወሎ ሰው ይህ ሰልፍ ልዩ ትርጉም አለው። ሰኔ 21 ቀን የተቋቋመው ደርግ ግን ማንም ሳይመርጠው በሕዝብ ስም መናገር ጀመረ። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ሥልጣን በአስቸኳይ ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይተላለፍ ሲል፣ የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ይሰጥ ሲል፣ ሁለቱም ተመሳሳይ የማርክስ መጻሕፍት ያነበቡ ሰዎች ነበሩ፤ የተለያዩት ንቃቱ ገና ያልዳበረ ሕዝብ ዛሬውኑ ራሱን ይግዛ ወይስ ሌላ ያዘጋጅለት በሚለው ነው። ይህን የቡድን ጥላቻ ብቻ አድርጎ ማለፍ ለሞቱት ወጣቶች ፍትሕ መንፈግ ነው፤ ክርክሩ እውነተኛ የፍልስፍና ክርክር ነበርና፣ በጥይት መዘጋቱ ነው ጥፋቱ። ደሴም ከቀይ ሽብር አላመለጠችም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፈላስፋ መነጽር እንጂ ዳኛ አይደለም። ማርክስ የመሬት ስሪቱን በጥሩ ሁኔታ ያሳያችኋል፤ «መሬት ለአራሹ» ከ1957 ዓ.ም. የተማሪዎች ሰልፍ እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ ድረስ ያደረገውን ጉዞም ያብራራል። የሚያዝያውን ሰልፍ ግን በመደብ ብቻ ልትፈቱት ብትሞክሩ ይጠፋባችኋል፤ ከወሎ የወጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ያነሣው የብሔረሰቦች ጥያቄም እንዲሁ ክብርና ማንነት እንጂ እንጀራ ብቻ አልነበረም። አንድ መነጽር ሲያስቸግር አውልቁት፤ ያን ዘመን የጎዳው መነጽሩን ከዓይኑ ጋር አንድ አድርጎ የሰፋ ትውልድ መብዛቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ሥራ ያንኑ መመዘኛ ወደ አሸናፊው ማዞር ነው፤ ብዙ ሰው ግን አሮጌው ሥርዓት ሲወድቅ ምርመራውን ይጨርሳል። የ20ኛው ክፍለ ዘመን የፖለቲካ አሳቢ ሐና አረንት ከጭቆና መውጣትና ነጻነትን መመሥረት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው ትላለች፤ ለተራበው ማዘን የሥልጣን ብቸኛ ማስረጃ ሲሆን፣ በእርሱ ስም የሚፈጸም ነገር ሁሉ የተፈቀደ እንደሚመስልም ከፈረንሳይ ታሪክ ታስጠነቅቃለች። «ያለምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» ያለው ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎችን ረሸነ። በወረቀታችሁ ላይ ከዚህ ቀን ጎን «በሕግ አምላክ» ብላችሁ ጻፉና በዚያ ሌሊት ማን ሊለው ይችል እንደ ነበር አስቡ። ከዚያ አሥር ዓመት ዝለሉ። በመስከረም 1977 የደርግ ፓርቲ የሆነው ኢሠፓ ሲመሠረትና የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በቆሬም ሕዝቡ በየመጠለያው ይረግፍ ነበር፤ ስለ ረሃቡም በይፋ እንዳይነገር ተደርጎ ነበር። የ1965ቱን ረሃብ ስትመረምሩ የተጠቀማችሁባቸውን ጥያቄዎች፣ እህሉ የማን ነበር፣ ማን ከለከለ፣ ማን ሸሸገ የሚሉትን፣ አንድም ቃል ሳትለውጡ እዚህ ቀን ላይ ድገሟቸውና መልሳችሁን ከመጀመሪያው መልስ አጠገብ ጻፉት።